ሄርማን ፎን ታፓይነር፦ በብርሃን የሚነቃ መርዝ
እ.ኤ.አ. በ1847 በሜራን የተወለዱት ታፓይነር በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ መምህር ነበሩ። ተማሪያቸው ኦስካር ራብ የአክሪዲንን መርዛማነት በፓራሚሲየም ላይ ሲለካ ውጤቱ ከቀን ቀን ይለያይበት ነበር፤ መንስኤውም የብርሃን መጠን ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ውጤት እንደ ስሕተት ተቆጥሮ በተጣለ ነበር፤ ታፓይነር ግን አልጣሉትም። በ1903 ከቆዳ ሐኪሙ አልበርት ዬሲዮኔክ ጋር የቆዳ ዕጢን ኢዮሲን ቀብተው ለብርሃን አጋለጡ፤ በ1904ም ሂደቱ ያለ ኦክስጅን እንደማይከናወን ከዮድልባወር ጋር አሳዩ። ፎቶዳይናሚክ የሚለው ስያሜም የእርሳቸው ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ የታየው በሕይወት ሳሉ ነበር፦ በ1912 ፍሪድሪሽ ማየር-ቤትዝ 200 ሚሊ ግራም ሄማቶፖርፊሪን ራሱን ወግቶ ፀሐይ ሲነካው ፊቱና እጆቹ ክፉኛ አበጡ፤ ሕመሙም ሳምንታት ዘለቀ። ታፓይነር በ1927 ሙኒክ ውስጥ አረፉ።