ታቶ ጋኪ ሼሮቾና የከፋ አማካሪዎች

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ በመሻገር ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም ወደ ሚዛን አማንና ወደ ቴፒ የሚዘልቅ መንገደኛ የሚያየው አገር ሁሉ የቡናና የጫካ አገር ነው። በዚህ ምድር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ራሱን የቻለ የከፋ መንግሥት ነበረ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ይባላሉ፤ ታቶ ማለት በከፋ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን ለማውሳት የፈለግነው ስለ ጀግንነታቸው ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን በልዩ ልዩ ወገኖች መካከል እንዴት ይከፈል እንደ ነበረ ስለሚያስረዳንም ነው።

ጋኪ ሼሮቾ የነገሡት በ1882 ዓ.ም. ነው። ዘውዱ ሚንጆ የሚባለው ጎሳ ርስት ስለ ነበረ ከሌላ ወገን የተወለደ ሰው አይነግሥም ነበር። ሆኖም ሚንጆዎች ዘውዱን ቢይዙም ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልለው አልያዙም። ከንጉሡ ቀጥሎ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት ያህል አማካሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም ከታወቁት ጎሳዎች የወጡ ናቸው። ንጉሥ በሞተ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ወራሹን የሚመርጡ፣ ጦርነት ወይም ዕርቅ ሲታሰብም የሚመክሩ እነዚሁ ነበሩ። ንጉሡ ለሕዝብ ዓይን እምብዛም ስለማይታዩ ጉዳይ የሚገባውም ሆነ ትእዛዝ የሚወጣው በባለሥልጣኖቹ በኩል ነበር። አገሩም በወረዳ ተከፍሎ እያንዳንዱን ወራፌ ራሾ የተባለ ሹም ያስተዳድረው ነበር። እንግዲህ የከፋ ንጉሥ ክብሩ እጅግ ከፍ ያለ ቢሆንም ያለ ምክር ብቻውን የሚወስን ገዢ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህ የሥልጣን ክፍያ ወሰን ነበረው። በአደንና በጫካ ሥራ የሚኖሩት ማንጆዎች የአገሩን በሮች የሚጠብቁ ሆነው ሳለ፣ እንደ ዝቅተኛ ወገን ተቆጥረው ከክብር ርቀው ይኖሩ ነበር። ዛሬ ሸዋ ቤንችና ሚዛን አማን የሚገኙበት የቤንች ምድርም ለከፋ ይገብር ነበር እንጂ በአማካሪዎቹ መካከል ወንበር አልነበረውም። ከጎረቤት አገርም ሰው እየተማረከ ለባርያ ንግድ ይቀርብ ነበር። ጉባኤው የንጉሡን እጅ ቢይዝም፣ ጉባኤው ውስጥ ላልገቡት ሕዝቦች ጋሻ ሊሆናቸው አልቻለም።

የአድዋ ድል በተገኘ ማግሥት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደውንና ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡን በከፋ ላይ አዘመቱ። አስቀድመው ገብረው ዙፋናቸውን ያቆዩት የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ከዘማቾቹ ጋር ተሰለፉ። የዘመተው ጦር 31,000 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ ከፋዎች ግን 300 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነበራቸው ይባላል። አገሩን ዙሪያውን ይጠብቅ የነበረው ጥልቅ ቦይና በር በጦር ዘመን ብዙ የጠቀመ ቢሆንም ጠመንጃን የሚመልስ አልሆነም። ጋኪ ሼሮቾ ግን እጃቸውን አልሰጡም። ከጫካ ወደ ጫካ እየተዘዋወሩ ለብዙ ወራት ከተዋጉ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ሰሞን ተያዙ።

ንጉሡ ተማርከው ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ ጣሉት እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ከዚያ በኋላ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። ከ20 ዓመት በላይ በግዞት ከኖሩ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ዘውዳቸው በስዊሱ ተወላጅ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ አውሮፓ ሄዶ ከቆየ በኋላ፣ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በከፋ ግን ጦርነቱ ያደረሰው ጉዳት በዘውድ መመለስ የሚካስ አልነበረም፤ ብዙ ሕዝብ አልቋል፣ ብዙውም ለባርነት ተዳርጓል። ምክሩና ሹመቱም ከአገሩ ጎሳዎች እጅ ወጥቶ ለራስ ወልደ ጊዮርጊስና ለሠራዊታቸው ሆነ።

የጋኪ ሼሮቾ አገር ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህ ክልል በ2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ሲመሠረት ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንች ሸኮን፣ ዳውሮን፣ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን አንድ ላይ አድርጎ፣ መሥሪያ ቤቶቹንም ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፍሏል። ቀድሞ ገባር የነበረው የቤንች ሕዝብ ዛሬ ከከፋ ጋር በአንድ ምክር ቤት ይቀመጣል። ርዕሰ መስተዳድሩ ከየትኛው ሕዝብ ይሁን፣ ምክትሉስ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ አገር ከቶ አይቀርም፤ መጠየቁም ነውር አይደለም።

ነገር ግን የከፋ ታሪክ ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም አንድ ነገር ያሳስበዋል። ወንበር ለታወቁት ጎሳዎች በትክክል ተከፍሎ ሳለ በር ላይ የቆመው ማንጆና ግብር ተሸክሞ የመጣው ቤንች ሊረሱ ይችላሉ። እንግዲህ የክፍያውን ደግነት ለመመዘን የሚሻ ሰው ማን እንደ ተሾመ ከቆጠረ በኋላ፣ ያልተሾመው ሰው አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ማን እንደሚሰማው ደግሞ ይመርምር።