የቤጎ ተራራ ድንጋዮች መዝጋቢ፤ ክላረንስ ቢክኔል

ከባሕር ወለል በላይ 2,872 ሜትር ከፍታ ባለው በአልፕስ ተራሮች የቤጎ ጫፍ ዙሪያ፣ የጥንት የበረዶ ግግር ያለሰለሳቸው ሰፋፊ ድንጋዮች ተዘርግተው ይታያሉ። በእነዚህ ድንጋዮች ላይ የተወቀሩት እልፍ አእላፍ ምስሎች ለብዙ ዘመን የእረኞች መደነቂያ ነበሩ። ጥቂት ተመራማሪዎች ቢጎበኟቸውም በየሸለቆው ተዘዋውሮ አንድ በአንድ የመዘገባቸው አልነበረም። ይህን ተግባር የሸመገለበት ዘመን ሥራው ያደረገው እንግሊዛዊው ክላረንስ ቢክኔል ነው።

ቢክኔል እ.ኤ.አ. በ1842 በለንደን አጠገብ በነበረችው በሄርን ሂል ተወለደ። አባቱ በዓሣ ነባሪ ዘይት ንግድ የበለጸገና የሥዕል ወዳጅ ስለነበር፣ የልጁ ዓይን በታላላቅ ሠዓሊያን ሥራ መካከል ሠለጠነ። በካምብሪጅ ሒሳብ ካጠና በኋላ ቅስና ተቀብሎ በለንደን ድሆች ሰፈር አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1878 በኢጣሊያ ጠረፍ ወደምትገኘው ቦርዲገራ የእንግሊዛውያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ ሄደ። ይሁን እንጂ በሃይማኖቱ ሥርዓት ላይ ጥርጣሬ ስላደረበት ብዙም ሳይቆይ ክህነቱን ተወ።

ከመቅደስ የራቀው ቢክኔል ከአገሩ ሕዝብ አልተለየም። ኤስፔራንቶ የተባለውን ቋንቋ አስፋፋ፤ የአካባቢውን ዕፀዋት እየሰበሰበና እየሣለ እ.ኤ.አ. በ1885 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1888ም በቦርዲገራ ቤተ መዘክር አሠራ።

በ1881 ወደ ቤጎ ወጥቶ በረዶ ስላገደው ብዙ ሳያይ ተመልሶ ነበር። ከ1897 ጀምሮ ግን ከረዳቱ ከሉዊጂ ፖሊኒ ጋር በየበጋው እየወጣ፣ በድንጋዩ ላይ ወረቀት አልብሶ በጥቁር ሰም በማሸት የምስሎቹን ቅጂ አነሣ። በዚህ አኳኋን የመዘገባቸው ምስሎች 14,000 ያህል ደረሱ። በ1906 ገደማም በካስተሪኖ ሸለቆ ቤት ሠራ።

ምስሎቹ ቀንዳሞች፣ ጩቤዎች፣ የእርሻ ቦታ የሚመስሉ መደቦችና በበሬ የሚጎተቱ ማረሻዎች ናቸው። ቀንበርና ሞፈር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እነዚህ ጥማዶች እንግዳ አይሆኑበትም። ቢክኔል የጩቤዎቹን ቅርጽ በቁፋሮ ከተገኙ መሣሪያዎች ጋር አመሳክሮ ምስሎቹ የነሐስ ዘመን መሆናቸውን ተረዳ። የዛሬ ጥናት ጅማሬያቸውን እስከ መዳብ ዘመን ወደ ኋላ ወስዶታል። ስለ ትርጉማቸው ግን አንደበቱ ቁጥብ ነበር።

የሥራውን ፍሬ በ1913 ካሳተመ በኋላ፣ በሐምሌ 1918 በዚያው በተራራ ቤቱ አረፈ። አካባቢው በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተዛወረ። ከ1967 ጀምሮ በአንሪ ደ ሉምሌ መሪነት የተካሄደው ጥናት የምስሎቹን ቁጥር ወደ 40,000 አድርሶታል። የእረኞች፣ የወታደሮችና የጎብኚዎች ስም በጥንቱ ውቅር አጠገብ፣ አንዳንዴም በላዩ ተቀርጾ ይገኛል። ድንጋይ እንኳ ሳይነካ እንደማይኖር ይህ ያስረዳል። ስለሆነም የቢክኔል ወረቀቶች ቁጥራቸው ቢበለጥም ዋጋቸው አልቀነሰም፤ ድንጋዩ በተጎዳ ጊዜ ምስክር ሆኖ የሚቆመው በጊዜው በታማኝነት የተነሣ ቅጂ ነውና።