አሌሳንድሮ ቮልታ

ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ የአዘና ሰው የእጅ ባትሪውን ሲያበራ፣ በውስጡ ያለውን የባትሪ ድንጋይ መጀመሪያ ማን እንዳሰበው ምናልባት ትዝ አይለው ይሆናል። ይህ ሰው አሌሳንድሮ ቮልታ ይባላል።

ቮልታ በ1745 ኮሞ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ አራት ዓመቱ ድረስ አፉን አልፈታም ነበር ይባላል። ካደገ በኋላ ግን በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ለመሆን በቃ።

በ1791 ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለ የቦሎኛ ሐኪም፣ የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ሲነካ እንደሚንፈራገጥ ገልጾ፣ ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው አካል የሚመነጭ ነው ሲል ጻፈ። ቮልታ ግን ምንጩ የብረቶቹ መለያየት ነው ብሎ ተከራከረ። ይህንንም ለማስረዳት የብርና የዚንክ ክቦችን፣ በጨው ውኃ የራሰ ካርቶን በመካከላቸው እያደረገ ደራርቦ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። በ1800 ሥራውን ለንደን ለሚገኘው ለሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ።

በዚሁ ደብዳቤ በገዛ አካሉ ላይ ያደረገውን ሙከራ ዘረዘረ። ሁለት የብረት ዘንጎች በሁለቱ ጆሮዎቹ አስገብቶ ከባትሪው ጋር ባገናኛቸው ጊዜ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብርቱ ምት ተሰማው፤ ጥቂትም ቆይቶ ወጥ ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ነገር ግን ምቱ አንጎልን ይጎዳል ብሎ ስለ ሠጋ ሙከራውን ደጋግሞ አላደረገውም።

በ1801 ናፖሊዮን ፓሪስ ላይ ሥራውን ተመልክቶ አከበረው። በ1827 በተወለደባት በኮሞ፣ በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በ1881 የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ በስሙ ቮልት ተባለ።

ዛሬ ሕመምን ለማስታገሥ በቆዳ ላይ እየተለጠፉ ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሱ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። የቮልታ ሥጋት ግን ዛሬም አልቀረም። በአንገት ፊትና ጎን የልብን ምትና የደምን ግፊት የሚቆጣጠሩ ነርቮች ስላሉ፣ በዚያ ቢለጠፍ ልብን ሊያዘገይ፣ ጉሮሮንም ሊያኮማትር ይችላል። በዓይን ላይ አይደረግም፤ በጭንቅላትም ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለለት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውማ አስቀድሞ ሐኪም ሳይጠይቅ ሊነካው አይገባም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ እንደ ቮልታ መርምሩ፤ ዳሩ ግን እንደ እርሱ ማቆሚያውንም ዕወቁ።