የኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ሕይወትና ያለ ፍርድ የታሰሩበት ታሪክ

ግፍን በራሱ ላይ እርም ላደረገ፥ በባሮቹም መካከል እንዳይሠራ ለከለከለ ለኀያሉ አላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ ላይ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ፥ ያለፉት ደጋጎች ታሪክ የሚነገረው ጆሮን ለማስደሰት አይደለም፤ ሰው በገዛ ዘመኑ የሚያየውን ፈተና በእነርሱ ሥራ እንዲመዝንበት ነው እንጂ። በዚህ ኹጥባ የምንተርከው፥ ማስረጃ ሳይቀርብበት የሚታሰር፥ ፍርድም ሳይሰጥበት የሚገረፍ ሰው የሚደርስበትን መከራ በገዛ ሥጋቸው የቀመሱትን የኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልን ሕይወት ነው። አላህ ይዘንላቸው።

ኢማሙ በሂጅራ 164 ዓመት፥ ይኸውም በ780 እ.ኤ.አ. በባግዳድ ከተማ ተወለዱ። ነገዳቸው ከዐረብ ወገን ሸይባን ነው፤ ቤተ ሰባቸው ግን በኹራሳን አገር በመርው ይኖር ስለ ነበረ፥ እናታቸው ወደ ባግዳድ የመጡት እሳቸውን ፀንሰው ሳሉ ነው። ሐንበል የአያታቸው ስም ነው። አባታቸው ሙሐመድ ገና በወጣትነታቸው ስለ ሞቱ፥ ልጁን በድኽነት ያሳደጉትና ወደ ዕውቀት የመሩት እናታቸው ናቸው።

በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ሐዲስ መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያም በኋላ ወደ ኩፋ፥ ወደ በስራ፥ ወደ መካና ወደ መዲና ሄዱ። የታላቁን የዐብዱ ረዛቅን ሐዲስ ለመስማት እስከ የመን ድረስ ተጓዙ፤ በዚያም ጉዞ ስንቃቸው ባለቀ ጊዜ የሰው ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ ለግመል ነጂዎች በጉልበታቸው ማገልገልን መረጡ። ከኢማም ሻፊዒይም ጋር ተገናኝተው ፊቅሕን ተማሩ። ሙስነድ የተባለው ታላቁ መጽሐፋቸው ከ27,000 የሚበልጥ ሐዲስ የያዘ ነው።

ኢማሙ በልጅነታቸው መጀመሪያ ሐዲስ ከጻፉላቸው መምህራን አንዱ ቃዲ አቡ ዩሱፍ ነበሩ። እኒህ ሰው የኸሊፋው የሃሩን አር-ረሺድ ዋና ቃዲ ሲሆኑ፥ ስለ ግብርና ስለ መንግሥት አስተዳደር ኪታቡል ኸራጅ የሚባለውን መጽሐፍ ለኸሊፋው ጽፈውለታል። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ ስለ እስረኞች የሰጡት ምክር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሰው በጥርጣሬ ብቻ ሊገረፍ እንደማይገባ፥ በዱላና በማስፈራራት የተገኘ የእምነት ቃል እንደማይጸና፥ አገረ ገዥዎችም የእስረኞችን ነገር ዘወትር እየመረመሩ ወንጀል ያልተገኘበትን መልቀቅ እንዳለባቸው አስተምረዋል። እንግዲህ ይህ ሕግ በኸሊፋው ቤት የታወቀ ነበር። በሕጉ ላይ የተነሣው ግን የሃሩን ልጅ፥ መእሙን ሆነ።

መእሙን አላዋቂ ሰው አልነበረም። መጻሕፍትን የሚወድ፥ ሊቃውንትን የሚያከብር ንጉሥ ነበር። ነገር ግን ሙዕተዚላ የሚባሉት ወገኖች ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አስተያየታቸውን ስላሳመኑት፥ ይህንኑ በሕዝቡ ላይ በሥልጣን ሊጭነው አሰበ። በሂጅራ 218 (833 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ ለነበረው እንደራሴው ለኢስሐቅ ኢብኑ ኢብራሂም ደብዳቤ ልኮ፥ ቃዲዎችና የሐዲስ ሊቃውንት አንድ በአንድ እየተጠሩ እንዲጠየቁ አዘዘ። ይህም ዘመን በታሪክ ሚሕና ተባለ፤ ፈተና ማለት ነው።

የአላህ ባሮች ሆይ፥ የዚህን ምርመራ ጠባይ አስተውሉ። የተጠሩት ሰዎች አንዳቸውም ሰው አልገደሉም፤ አልሰረቁም፤ በንጉሡም ላይ ሰይፍ አላነሡም። ከሳሽ አልቀረበባቸውም፤ ምስክርም አልተሰማባቸውም። የተጠየቁት በልባቸው ስላለው ነገር ብቻ ነው። እሺ ያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እንቢ ያለ ደመወዙ ይቋረጣል፥ ምስክርነቱም አይሰማም፤ ከዚያም በኋላ እግር ብረትና ሰይፍ ይጠብቀዋል። በሸሪዓ ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ ሲሆን፥ በሚሕና ግን ተከሳሹ ንጹሕ መሆኑን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ተገደደ፤ ያውም ንጉሡ በወደደው ቃል ብቻ።

ብዙዎቹ ሊቃውንት ፈርተው የተፈለገባቸውን ተናገሩ። በመጨረሻ አራት ሰዎች ብቻ ስለ ቀሩ በብረት ታሰሩ። ሌሊቱን በእስር ካደሩ በኋላ አንዱ እሺ አለ፤ በማግስቱም ሁለተኛው ተከተለ። የጸኑት አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና ሙሐመድ ኢብኑ ኑሕ የተባሉ ወጣት ናቸው። ሁለቱም በአንድ ግመል ላይ በሰንሰለት ታስረው፥ መእሙን ወደ ዘመተበት ወደ ጠርሱስ ተላኩ። በመንገድ ላይ አንድ ዓሊም የኤፍራጥስን ወንዝ ተሻግረው ኢማሙን ጎበኟቸው፤ ሕዝቡ ሁሉ በእሳቸው አንደበት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን፥ እሳቸው ቢያጎነብሱ ብዙ ሰው አብሯቸው እንደሚያጎነብስ ነገሯቸው። ኢማሙም ይህን ሰምተው አለቀሱ።

ወደ ጠርሱስ ሳይደርሱ መእሙን በረጀብ ወር ሞተ። እስረኞቹም ወደ ባግዳድ እንዲመለሱ ተደረገ። ሙሐመድ ኢብኑ ኑሕ ግን ታመው በመንገድ ላይ ዓና በምትባል ስፍራ ዐረፉ፤ ኢማሙም ሰግደውባቸው ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ቀሩ።

በባግዳድ ወህኒ ቤት ብዙ ወራት ተቀመጡ፤ ከተያዙበት ቀን እስከ ተለቀቁበት ቀን ድረስ ሃያ ስምንት ወር ያህል ነው። እግር ብረታቸው ሳይፈታ እስረኞቹን በሰላት ይመሩ ነበር። አጎታቸው ኢስሐቅ ወደ ወህኒ ቤት እየመጡ፥ ልባቸው ሳይለወጥ በአንደበታቸው ብቻ እሺ ቢሉ ከመከራ እንደሚድኑ መከሯቸው። ኢማሙ ግን ከእነርሱ በፊት የነበሩ ምእመናን በመጋዝ እየተሰነጠቁ እንኳ ከሃይማኖታቸው እንዳልተመለሱ አስታወሱ። እኒህ ሰው ሕመም የማይሰማቸው፥ ፍርሀትም የሌለባቸው አልነበሩም። እስር ቤትና የገዛ ቤታቸው ለእሳቸው አንድ መሆኑን፥ በሰይፍ መሞትንም እንደማይፈሩ፥ ነገር ግን ጅራፉን እንደሚፈሩ በግልጽ ተናግረዋል። ይህን የሰማ አንድ እስረኛ፥ የሚሰማቸው የመጀመሪያው ሁለት ግርፋት ብቻ እንደ ሆነ፥ የቀረው የት እንደሚያርፍ እንደማያውቁት ነግሮ አጽናናቸው፤ ከዚያም በኋላ ልባቸው ተረጋጋ።

በሂጅራ 220 (835 እ.ኤ.አ.) በረመዷን ወር፥ የመእሙን ወንድም ኸሊፋው ሙዕተሲም ወደ ፊቱ አስቀረባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ዋናው ቃዲ አሕመድ ኢብኑ አቢ ዱኣድና ባልንጀሮቹ ተከራከሯቸው። ኢማሙ ከአላህ መጽሐፍ ወይም ከነቢዩ ሱና አንድ ማስረጃ እንዲያሳዩአቸው ብቻ ደጋግመው ጠየቁ። ሙዕተሲም ወታደር እንጂ የክርክር ሰው ስላልነበረ፥ ሊለቃቸው ልቡ አዘንብሎ እንደ ነበረ ይነገራል። ቃዲው ግን ቢለቃቸው ሕዝቡ ይህ ሰው ሁለት ኸሊፎችን አሸነፈ እንደሚል አሳስቦ አስቆጣው። በዚህ ችሎት ከሳሹ፥ ፈራጁና አስገራፊው አንድ ወገን ሆኑ። ክርክር ያላስገኘውንም ቃል ከጅራፍ ፈለጉት።

ገራፊዎቹ ክንዳቸው እንዳይደክም እየተፈራረቁ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመቷቸው ነበር። በየመካከሉ ኸሊፋው ቀርቦ እሺ እንዲሉ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ማስረጃውን መልሰው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ሳቱ። በነቁ ጊዜ የሚጠጣ ነገር ቢሰጣቸው ጾማቸውን አንፈታም ብለው ተዉት፤ ደማቸው እየፈሰሰ የዙህር ሰላትን ሰገዱ። የሕዝቡ ቁጣ ስለ ተፈራ ወደ ቤታቸው ተላኩ። ቁስላቸውን ያከመው ሰው የሞተውን ሥጋ ከጀርባቸው በካራ ቈርጦ አወጣ፤ ጠባሳውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጠፋም።

ከሙዕተሲም በኋላ ልጁ ዋሲቅ ከ842 እስከ 847 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ ፈተናውም በረታ። ኢማሙ ከሰው ጋር እንዳይሰበሰቡ ስለ ታዘዙ፥ ተሸሽገውና ከቤታቸው ሳይወጡ ኖሩ። የኢማም ሻፊዒይ ደቀ መዝሙር የነበሩት ቡወይጢይ ከግብፅ በሰንሰለት ታስረው መጡ። የጁምዓ አዛን በሰሙ ቁጥር ታጥበው፥ ልብሳቸውን ለብሰው እስከ ወህኒው በር ይሄዱ ነበር፤ ዘበኛው በመለሳቸው ጊዜም ጥሪውን ለመቀበል መውጣታቸውንና የከለከሏቸው ሰዎች መሆናቸውን ለአላህ ይናገሩ ነበር። በ231 (846 እ.ኤ.አ.) እዚያው በእስር ዐረፉ። በዚያው ዓመት አሕመድ ኢብኑ ነስር በዐመፅ ተከሰው ወደ ዋሲቅ ቀረቡ፤ ኸሊፋው ግን የጠየቃቸው ስለ ዐመፁ ሳይሆን ስለ ቁርኣን ነበር፤ መልሳቸውንም ሰምቶ በገዛ እጁ በሰይፍ መታቸው። ከሮማውያን ጋር የምርኮኛ ልውውጥ በተደረገም ጊዜ፥ ሙስሊሞች ምርኮኞች ስለ ቁርኣን እየተጠየቁ፥ ቁርኣን ፍጡር ነው ያላለው በጠላት እጅ እንዲቀር ተደረገ። ያለ ማስረጃ መቅጣትን የለመደ ሥልጣን የት እንደሚደርስ ከዚህ ይታያል፤ በአንድ ጥያቄ ጀመረ፤ የገዛ ወገኑን ለጠላት ትቶ እስከ መመለስ ደረሰ።

በዚያ ዘመን የባግዳድ ሊቃውንት ወደ ኢማሙ መጥተው በዋሲቅ ላይ ስለ መነሣት አማከሯቸው። ኢማሙ ግን የሙስሊሞችን ደም እንዳያፈሱ፥ በትዕግሥትም እንዲጸኑ መከሯቸው። እንግዲህ ገዥዎቹ ለመንግሥት አደገኛ ነው ብለው ያሰሩትና የገረፉት ሰው፥ ሕዝቡን ከደም መፋሰስ የመለሰ ሰው ነበር።

በ847 እ.ኤ.አ. ሙተወኪል ነገሠ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ፈተናው ቀረ። አዲሱ ኸሊፋ ኢማሙን በስጦታ ሊያከብራቸው በፈለገ ጊዜ ገንዘቡን ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ ልጆቻቸውና አጎታቸው በመቀበላቸውም አዘኑ። ዋናው ቃዲ ኢብኑ አቢ ዱኣድ ሽባ ሆኖ ከሹመቱ ወረደ። ኢማሙ ያስገረፋቸውን ሙዕተሲምን ይቅር አሉ፤ በእሳቸው ምክንያት አንድ ሙስሊም በአላህ ፊት እንዲቀጣ አልወደዱም። በሂጅራ 241 (855 እ.ኤ.አ.) በረቢዐል አወል ወር በጁምዓ ቀን ዐረፉ። ለጀናዛቸው የወጣውን ሕዝብ የባግዳድ መንገዶች አልቻሉትም።

የአላህ ባሮች ሆይ፥ ይህ ነገር የመጻሕፍት ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በዘመናችን ሽብርተኛ የሚል ስም ወጥቶ፥ በዚያ ስም ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 በኩባ ደሴት በጓንታናሞ የተከፈተው የአሜሪካ እስር ቤት በዓመታት ውስጥ 780 ያህል ሰዎችን ተቀብሏል፤ የሚበዙትም ክስ ሳይቀርብባቸው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ የተለቀቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ባወጣው ዘገባ፥ የአገሪቱ የስለላ ድርጅት በምስጢር ካሰራቸው 119 ሰዎች ቢያንስ 26ቱ ሊታሰሩ የማይገባቸው እንደ ነበሩ፥ በሥቃይ የተገኘውም ቃል ብዙ ጊዜ ሐሰት እንደ ነበረ ገልጿል። አቡ ዩሱፍ ከዐሥራ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፤ የተገረፈ ሰው የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን ጅራፉን የሚያስቆምለትን ነው።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር። ኢማሙን ያሰሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ዛሬም በሙስሊሞች አገር ያለ ፍርድ የታጎረ እስረኛ ሞልቷል። ይህም ሲባል ንጹሐንን ለሚገድል ሰው መሸሸጊያ መስጠት አይደለም፤ የሰውን ደም ያለ አግባብ ያፈሰሰ በፍርድ ፊት ይቁም፥ ምስክር ይሰማበት፥ ጥፋቱም ከታወቀ የሚገባውን ይቀበል። ከዚያ በፊት ግን ሰው ነው፤ ሰውነቱም የተከበረ ነው። የነቢዩ ባልደረባ ሂሻም ኢብኑ ሐኪም በሻም አገር ሙስሊም ያልሆኑ ገበሬዎች ስለ ግብር በፀሐይ ላይ እንዲቆሙ ተደርገው ባዩ ጊዜ፥ በዚህ ዓለም ሰውን የሚያሠቃይን አላህ እንደሚያሠቃየው ከነቢዩ መስማታቸውን ለአገረ ገዥው ነገሩት፤ እሱም ለቀቃቸው። ሂሻም የገበሬዎቹን ሃይማኖት አልጠየቁም፤ መሠቃየታቸውን ብቻ አዩ።

ስለዚህ ዳኛ የሆነ ማስረጃ ሳይሰማ አይፍረድ፤ ዘበኛ የሆነ በጁ ያለውን እስረኛ አይንካ፤ ጎረቤት የሆነም በጥርጣሬ የተያዘውን ሰው ቤተ ሰብ አይሽሽ፥ ልጆቹንም አይርሳ። ግፍ ሲሠራ አይቶ መናገር የሚችል ዝም አይበል።

አላህ ሆይ፥ በግፍ የታሰሩትን ፍታ፤ የተሠቃዩትን ፈውስ፤ ለሚገዙን ቅን ፍርድን ስጥ፤ እኛንም ከግፈኛም ከግፍ ተባባሪም አታድርገን። አሚን።