ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፦ ጾም፣ ሕመምና የመጨረሻዋ ዐቢይ ጾም

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በደረሰ ቁጥር ምእመናን 55ቱን የጾም ቀናት በትዕግሥት ፈጽመው ለፍስክ ይዘጋጃሉ። ከነዚህ ምእመናን መካከል ግን ጾሙን ከዕለት ተዕለት ሕመም ጋር አስማምተው የሚይዙ ብዙዎች ናቸው። ከ90 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ተቀምጠው የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ከነዚህ አንዷ ነበሩና፣ በዛሬው የበዓል ገጻችን የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ዘውዲቱ የተወለዱት ሚያዝያ 22 ቀን 1868 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፣ ኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዳግማዊ ምኒልክ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ አብቺው ይባላሉ። ገና በልጅነታቸው በ1875 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ ሸዋ ተመለሱ። ከዚያም በኋላ በተከታታይ ትዳር ይዘው፣ በመጨረሻ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑትን ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። በሕይወት የተረፈላቸው ልጅ ግን አልነበረም።

የምኒልክ ቤተ ሰብ ረጅም ሕመም ምን እንደሚመስል በቅርብ የሚያውቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በአንጎል ደም መፍሰስ ሰውነታቸው ሰንፎ፣ አንደበታቸው ታስሮ ለዓመታት በአልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያ ዘመን ሕሙማን ከሐኪም መድኃኒት ጋር ወደ ጠበል መሄዳቸው የተለመደ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በሕመማቸው ወቅት ፈውስን ሽተው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ሄደው ነበር።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ዘውዲቱ ከአዲስ አበባ ርቀው በገጠር እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንንን አልጋ ወራሽ ባለ ሙሉ ሥልጣን አድርገው ሰየሙ። ዘውዲቱም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ዙፋኑን ሲቀበሉ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ተለይተው መኖር ነበረባቸው፤ ራስ ጉግሣም የበጌምድር ገዢ ሆኑ።

በዘመናቸው ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ለሚከታተል ደግሞ ከዚህ ያላነሰ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት በእስክንድርያ ፓትርያርክ እጅ ተሾሙ። ከነርሱ አንዱ አቡነ አብርሃም ለጎጃም የተመደቡ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጎጃምን የሚያስተዳድሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ስለዚህ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሽንዲና የአካባቢው ምእመናን አያቶች በገዛ ቋንቋቸው የሚናገር ጳጳስ ያገኙት በንግሥቲቱ ዘመን ነው። ለአባታቸው መካነ መቃብር የሆነው የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያንም የታነጸው በዘመናቸው ሲሆን፣ ኋላ እርሳቸውም እዚያው ዐርፈዋል።

ንግሥቲቱ በጸሎት፣ በጾምና በምጽዋት የታወቁ ነበሩ። ከዙፋናቸው ጋር አብሮ የኖረ ሌላም ነገር ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ንግሥቲቱ የስኳር ሕመምተኛ እንደነበሩ ይጽፋሉ። የስኳር ሕመም ድንገት መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን፣ ሰው ሲተኛም ሲነሣም፣ ሲበላም ሲጾምም አብሮት የሚኖር ሕመም ነው። ለሕመሙ ዋና መድኃኒት የሆነው ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው በ1914 ዓ.ም.፣ ንግሥቲቱ ከማረፋቸው ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የ1922 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ለንግሥቲቱ የመጨረሻቸው ሆነ። የቀድሞ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ጦርነት ላይ ወደቁ። ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን፣ ጾሙ በተያዘ በ38ኛው ቀን፣ ትንሣኤ 18 ቀን ሲቀረው ዐረፉ። 54 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በስኳር ሕመማቸው ላይ የታይፎይድ ዓይነት ትኩሳት እንደተጨመረባቸው ያወሳሉ። የጾሙ ድካም፣ የጠበሉ ብርድና የሐዘኑ ብዛት በዚያ ላይ እንደተደረበም ይተርካሉ። በወቅቱ ብዙ የተለያየ ወሬ ቢናፈስም፣ በጽኑ ሕመም ላይ እያሉ ጾሙ እንደያዛቸው አያጠራጥርም።

ከዚህ ታሪክ ዛሬ የምንቀስመው ትምህርት በጾምና በሕመም መካከል ስላለው ጉዳይ ነው። ፍትሐ ነገሥታችን ጾምን ሲያዝ ሕሙማንን ከግዴታው ነጻ አድርጓል። የንስሐ አባት የታመመ ልጁን ጾም ሊያቀልለት ይችላል፤ ይህም ለደካማው ሥጋ የታሰበ ምሕረት ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች የስኳር ሕመምተኛ፣ ኩላሊቱ የተጎዳም ሁሉ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማማከር ይገባዋል። መድኃኒት እየወሰደ ሳይበላ የሚቆይ ሰው ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠና ግራ ከተጋባ የስኳር መጠኑ ወርዷል ማለት ነው። ወዲያውኑ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ማር ይስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳያደርጉ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ጠበሉም መድኃኒቱን ማቆሚያ ምክንያት አይሆንም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን አስተምረዋል።

በሽንዲም ሆነ በቡሬ ገጠር የሚኖር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ለማስቀመጥ ማቀዝቀዣ ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ከፀሐይና ከምድጃ አርቆ፣ ቀዝቃዛ ጥላ ባለበት ቦታ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሊያኖረው ይችላል። በእግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስልም ቶሎ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ማኅበራዊው ኑሮ ነው። በፋሲካ ሌሊት ጠላው ተጠምቆ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ማር ቀርቦ ሳለ፣ አልችልም ማለት የታመመውን ሰው ያሳፍረዋል፤ ዘመድም በሞቴ እያለ ያጎርሰዋል። ይህ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ፍቅር የታመመውን ወንድም ዐቅም ካላወቀ ለጉዳት ይሆናል። ለእርሱ ጥቂት እንጀራ፣ ጥቂት ወጥ፣ ጠላ በቀረበበትም ቦታ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ክብሩን አይቀንሰውም። አለመጠጣቱንም ከኩራት መቁጠር አይገባም። ሕመሙን ለቤተ ሰቡና ለቅርብ ጎረቤቱ መንገር ለሕመምተኛውም ይጠቅመዋል፤ በጨነቀው ጊዜ የሚደርስለት ያውቀዋልና።

በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከስኳርም ሆነ ከሌላ ሕመም ጋር የሚኖሩ ብዙዎች የሚታከሙበት ነው። ጾምና ሕመም በአንድነት የገጠሟቸው ንግሥት ስም የሕሙማን መጠጊያ መሆኑ መልካም መታሰቢያ ነው። በየቤታችን ያሉ ሕሙማንም በዚህ በዓል ከገበታው ሳይለዩ፣ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ፣ ደስታውን ከሁላችን ጋር እንዲካፈሉ እንርዳቸው። ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች መልካም የትንሣኤ በዓል እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።