የማዳን ልክ፦ የዶረቲ ብሩክ ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ወደ መርካቶ የሚያስገቡት መንገዶች የጋማ ከብትን ድካም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እህል የተጫነ አህያ፣ ወደ አጠና ተራ የሚሄድ ጋሪ፣ ከጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል ድርቆሽና ከሰል ተሸክሞ የሚያዘግም መጋዣ ከተማይቱን ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ መኪና በበዛበትም ዘመን ጨርሰው አልጠፉም። በዚያ የሚያልፍ የእንስሳት ሐኪም ከጭነቱ አስቀድሞ የሚያስተውለው ገጣባውን፣ ያበጠውን ጉልበትና የተሰነጠቀውን ሰኮና ነው። የአህያና የፈረስ ሥጋ በአገራችን ስለማይበላ፣ መሥራት ያቃተው እንስሳ ለባለቤቱ የመጨረሻ ዋጋ አያወጣለትም። ስለዚህም ብዙውን ጊዜ ወደ መንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ሲመሽም የጅብ ሲሳይ ይሆናል።

ይህን አይቶ የሚራራ ሰው አይታጣም። ነገር ግን የራራው ሰው እንስሳውን ከወሰደው በኋላ ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ፣ ስንቱንስ ሊወስድ እንደሚችል ርኅራኄ ብቻውን አያስተምርም። ብዙ በጎ አድራጊ የተሰናከለው በዚህ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመው ባያነሡትም፣ በሥራ ከመለሱት ሰዎች መካከል ስማቸው በእንስሳት ሕክምና ዓለም የታወቀው እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ዶረቲ ብሩክ ይገኛሉ።

ወይዘሮ ብሩክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ከመጀመሪያ ትዳራቸው ልጆች አፍርተው ነበር፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በሁለተኛው ባላቸው በጄፍሪ ብሩክ ስም ነው። ጄፍሪ ብሩክ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ያደጉ መኰንን፣ በፈረስ ግልቢያም የተመሰከረላቸው ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930 በግብጽ የነበረውን የእንግሊዝ ፈረሰኛ ብርጌድ እንዲመሩ ሲታዘዙ፣ ወይዘሮዋም ተከትለዋቸው ካይሮ ገቡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። በዚያ ዕድሜና በዚያ ማዕረግ ላይ ያለች የመኰንን ሚስት ጊዜዋን በግብዣና በሽርሽር ብታሳልፍ የሚነቅፋት አልነበረም።

ወይዘሮ ብሩክ ግን ወደ ካይሮ ሲመጡ በልባቸው አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጄኔራል አለንቢ ሠራዊት ከሲናይ በረሃ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ኢየሩሳሌምን፣ በ1918 ደግሞ ደማስቆን ሲይዝ ፈረሰኞቹ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ፈረሶቹ ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከሌሎችም አገሮች በመርከብ የመጡ ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እነርሱን ወደ አገራቸው መመለስ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ 20,000 ያህል የሚሆኑት በግብጽ ተሸጠው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እነርሱ የጠየቀ ባለሥልጣን አልነበረም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው አገር ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚሰማው ሐዘን የራሱ ነው፤ አጤ ቴዎድሮስ በአባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክ በአባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ በአባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ በአባ ነፍሶ ተጠርተው የፈረሳቸው ስም ከራሳቸው ስም ጋር በታሪክ የኖረበት አገር ነውና።

ወይዘሮዋ ፈረሶቹን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። በካይሮ የነበረው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ወደሚገኝበት ሥፍራ ሄደው፣ በኋላ ሽማግሌው ቢል ብለው የጠሩትን አንድ የጦር ፈረስ አገኙ፤ እርሱንም ከባለቤቱ ገዙት። ከዚያ በኋላ በከተማው ጎዳናና በድንጋይ ካባዎች አካባቢ ሲፈልጉ፣ የእንግሊዝ ጦር የቀስት ምልክት በቆዳቸው ላይ የታተመ ፈረሶች አንድ በአንድ ይታዩ ጀመር። ጦርነቱ ካበቃ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ ስለ ነበር፣ ሁሉም ያረጁ ነበሩ። ከፊሎቹ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከፊሎቹ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል፤ ሁሉም ግን በዚያ ሙቀት ጋሪ ይጎትቱ ነበር። ባለቤቶቻቸውም ቢሆኑ ከዕለት ጉርስ ያለፈ ገቢ የሌላቸው ድኾች ስለ ነበሩ፣ ፈረሱን ለማሳረፍ ቢፈልጉ እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

ወይዘሮ ብሩክ ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ላኩ፤ ደብዳቤውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1931 ታተመ። በውስጡ የፈረሶቹን ሁኔታ ዘርዝረው ለሕዝቡ ርዳታ ጥሪ አቀረቡ። የደብዳቤው ክብደት ያለው ግን ርዳታ በመጠየቁ ብቻ አይደለም። የሚላከው ገንዘብ ፈረሶቹን ለምለም መስክ ላይ አሰማርቶ ለማኖር እንደሚውል አስመስለው አልጻፉም። ያረጁት ፈረሶች ተገዝተው ከሥቃያቸው በምሕረት እንዲገላገሉ እንደሚደረግ ለሰጪው በግልጽ ነገሩት። ስለ ፈረስ ፍቅር ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ለፈረሱ ሞት እንደሚውል አውቆ ይስጥ ማለታቸው ነበር። ሕዝቡም ይህን እያወቀ በብዛት ሰጠ።

በዚህ ገንዘብ አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 የሚሆኑ የጦር ፈረሶች ተገዙ። እያንዳንዱ ፈረስ ወደ ጋጣው ሲገባ ልጓሙ ይወልቅለታል፤ ንጹሕ ውኃና በቂ መኖ ይቀርብለታል፤ ምናልባት ከጦርነቱ ወዲህ ያላየው ወፍራም የገለባ ጉዝጓዝ ይነጠፍለታል። ጥቂት ቀን ካረፈም በኋላ፣ የሚድን ካልሆነ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ይደረጋል። ከተገዙት ውስጥ አብዛኞቹ ዕጣቸው ይኸው ነበር።

ይህን ውሳኔ ከሩቅ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው። አንድ እንስሳ አዳኝ ነኝ የሚል ሰው፣ ካዳናቸው ውስጥ አብዛኞቹን ራሱ ከገደለ ምኑን አዳነ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይሁን እንጂ የጥያቄውን መልስ የሚያገኘው ሌላውን መንገድ የተከተሉት ሰዎች የደረሱበትን የተመለከተ ነው። 5,000 ያረጁና የታመሙ ፈረሶችን በአንድ ከተማ ለማቈየት የሚያስፈልገው ጋጣ፣ ድርቆሽ፣ ሠራተኛና መድኃኒት ከወይዘሮዋ አቅም በላይ ነበር። ሁሉንም ላኑር ቢሉ ኖሮ በጋሪ ሥር የነበረው ረኀብ ወደ ጋጣው ይገባ ነበር፤ ልዩነቱ የአስራቢው ስም ባለጋሪ መሆኑ ቀርቶ በጎ አድራጊ መባሉ ብቻ ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እንስሳትን ከአቅም በላይ እየሰበሰቡ ማስራብና ማሳመም ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጋሪ ፓትሮኔክ ባወጡት ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ምልክቶች ገልጸውታል፤ ይኸውም እንስሳትን በብዛት መሰብሰብ፣ አነስተኛውን ምግብ፣ ንጽሕናና ሕክምና ማጓደል፣ የእንስሳቱ ሁኔታ እየከፋ መሄዱንም አይቶ አንዳች እርምጃ አለመውሰድ ነው። ይህን ጉዳይ ያጠኑ ባለሙያዎች ደግሞ ሰዎቹን በዓይነት ሲለዩ፣ አንደኛው ወገን በአዳኝነት ስም የሚሰበስበው ሆኖ አግኝተውታል። እንዲህ ያለው ሰው የሚነሣው በክፋት አይደለም። እንስሳውን ከሞት ለማውጣት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣለትን ሁሉ እምቢ ማለት ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ከሞት የከፋ ነገር የለም ብሎ ስለሚያምን፣ በበረቱ ውስጥ በቁሙ የሚበሰብሰውን እንስሳ እንደ ዳነ ይቈጥረዋል። ሰው ሁሉ በጎ አድራጊ ብሎ ስለሚያመሰግነውም በሩን አንኳኵቶ ጋጣውን የሚመረምር አይገኝም። ጨካኙን ባለጋሪ ሕግና ጎረቤት ይገሥጹታል፤ አዳኝ የተባለውን ግን ስሙ ይከልለዋል።

ወይዘሮ ብሩክ ከዚህ ወጥመድ የዳኑት ለእንስሳት ያላቸው ፍቅር ከሌሎቹ ያነሰ ስለ ነበር አይደለም። የገዙትን ቁጥር የሥራቸው መለኪያ አላደረጉም። መለኪያቸው እያንዳንዱ ፈረስ በእጃቸው ባለበት ቀን ጠግቦ ማደሩና ሥቃዩ መቀነሱ ነበር። ከዚህም ሌላ የሐኪምን ፍርድ ከራሳቸው ስሜት በላይ አስቀመጡ፤ ሰጪው ሕዝብም ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል አስቀድሞ እንዲያውቅ አደረጉ። ሦስቱም ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲወድቅ ግን አስቀድመው የሚጎድሉት እነዚሁ ናቸው።

ይህም ሆኖ ሥራቸው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የደከመ ፈረስ በገንዘብ በተገዛ ቍጥር፣ ባለጋሪው በዚያው ገንዘብ ሌላ ፈረስ ገዝቶ በዚያው ቀንበር ሊያደክመው ይችላል። የጦር ፈረሶቹ ቁጥራቸው የተወሰነ ስለ ነበር ለእነርሱ መግዛቱ መፍትሔ ሊሆን ቻለ፤ በካይሮ ጎዳና ለሚሠሩት ለሌሎቹ እንስሳት ግን መግዛት ማብቂያ የሌለው መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 የተወሰደው እርምጃ ለዚህ መልስ ሆነ። በዚያ ዓመት በካይሮ የቀድሞ የጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። ሆስፒታሉም የድኻውን ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ያለ ክፍያ እያከመ ለባለቤቱ ይመልስ ጀመር። በዚህ አኳኋን ወይዘሮዋ እንስሳውን ከባለቤቱ ነጥቆ ከማዳን ወደ ባለቤቱን አስተምሮና ረድቶ ወደ ማዳን ተሻገሩ። ጨካኝ ይባል የነበረው ባለጋሪም ፈረሱን በፈቃዱ እየሳበ ወደ ሐኪም ደጅ የሚመጣ ደንበኛ ሆነ።

ጄፍሪ ብሩክ የግብጽ አገልግሎታቸውን ቢፈጽሙም የወይዘሮዋ ልብ ከሆስፒታሉ አልተለየም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግብጽን የጦር አውድማ ባደረጋት ጊዜም የተቋሙ ሥራ አልቀረም። ወይዘሮ ዶረቲ ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1955 በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው እዚያው ካይሮ ዐረፉ። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ከእርሳቸው ሞት በኋላ ከግብጽ ወጥቶ በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች በግንባር ቀደምትነት ለምትቈጠረው አገር የወይዘሮዋ ሐሳብ ዘግይቶም ቢሆን ሥፍራውን አገኘ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቅመው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ባለቤት አልባ ውሾችን፣ የተጣሉ አህዮችንና ያረጁ የጋሪ ፈረሶችን ሰብስበው የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች በከተሞቻችን ይነሣሉ፤ መነሣታቸውም መልካም ነው። ሐኪሙ ወደ እነርሱ ሲጠራ ግን ምስጋናን ብቻ ይዞ መሄድ አይገባውም። በበረቱ ውስጥ ያሉት ስንት እንደ ሆኑ፣ መኖውና ውኃው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የታመመው ከጤነኛው ተለይቶ እንደ ሆነ፣ የመዳን ተስፋ ለሌለውም ምን እንደ ተወሰነለት ለባለጋሪው በሚጠይቅበት ጥብቅነት ሊጠይቅ ይገባዋል። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ሰውነቱን የጨረሰውን ፈረስ ከመንገድ አንሥቶ በአጥር ውስጥ ማቆም ቦታውን እንጂ ሥቃዩን አይለውጠውም፤ በተጨናነቀ በረት ውስጥ ከሆነም በሽታውን ለጤነኞቹ ያወርሳል። እንዲህ ባለው ጊዜ የመጨረሻውን መርፌ የሚወስነው ሐኪም ከአዳኙ ያነሰ ርኅራኄ ያለው ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም።

በማለዳ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ወደ እህል በረንዳ የሚያዘግመው አህያ ከሰው የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ልክ ያለው ጭነት፣ ገጣባውን የማይነካ ንጣፍ፣ ውኃ፣ ዕረፍትና በጊዜው የሚደርስ ሐኪም ነው። አንድ ቀን ጕልበቱ ሲያልቅ አንሥቶ የሚወስደው ደግ ሰው ቢያገኝ ዕድለኛ ይባላል። ዕድለኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን በተነሣበት ቀን አይደለም፤ አዳኙ ከወሰደው ከስድስት ወር በኋላ በሩ ተከፍቶ ሲታይ ነው።