የጽሕፈት መኪናን ለዓለም ያስለመደው ሰው፤ የክሪስቶፈር ሾልስ የሕይወት ታሪክ

የሰው ልጅ ዘወትር በእጁ የሚነካውን ዕቃ ማን እንደ ሠራው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና ከተማ በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍ ወጣት ሹም፥ ወይም በያቤሎና በቡሌ ሆራ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ፥ ጣቶቹን በቁልፍ ገበታው ላይ ሲያሳርፍ፥ ከፊቱ ያሉት ፊደላት ስለ ምን እንዲህ ተዘበራርቀው እንደ ተቀመጡ አያስብም። እኛ ሀ ሁ ብለን በተራ እንደምንቆጥር ሁሉ የላቲን ፊደልም ኤ ቢ ሲ ዲ እየተባለ በተራ ይቆጠራል። በገበታው ላይ ግን የላይኛው የፊደል ረድፍ በኪው ጀምሮ በፒ ይፈጸማል። ይህን አቀማመጥ ከ140 ዓመታት በፊት ያበጀው ሚልዋኪ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ጋዜጠኛ ነው። ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ክሪስቶፈር ላተም ሾልስ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1819 በፔንሲልቬንያ ውስጥ ሙርስበርግ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከአንድ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል እየለቀመ መደርደርን ተማረ። በ1837፥ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ፥ ያን ጊዜ ገና ጠፍ አገር ወደ ነበረችው ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ፤ በዚያም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ኬኖሻ በተባለችው ከተማ ጋዜጣ እያሳተመ ሳለ በ1851 አንድ ሚስቱን የገደለ ሰው በአደባባይ ተሰቀለ። ሾልስ ይህን አይነት ቅጣት በጋዜጣው አጥብቆ ተቃወመ፤ በኋላም በአገሩ ምክር ቤት አባል ሆኖ ስለ ተከራከረ፥ ዊስኮንሲን በ1853 የሞት ቅጣትን በሕግ አስቀረች። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሰውዬው በጽሕፈት መኪና ባይታወቅ ኖሮ እንኳ በዚህ ሥራው ብቻ ስሙ ሊነሣ ይገባው ነበር።

ሾልስ በጠባዩ ዝምተኛ፥ በገንዘብ ነገር የዋህ፥ በጤናውም ደካማ ነበር። ከጋዜጣው ሥራ ሌላ በሚልዋኪ ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ አገልግሏል። በትርፍ ጊዜው ክላይንስቶይበር ከተባለ ሰው የብረታ ብረት መሥሪያ ቤት እየሄደ ልዩ ልዩ መሣሪያ ይሞክር ነበር። በ1866 ሳሙኤል ሱሌ ከሚባል የማተሚያ ባልንጀራው ጋር ሆኖ የመጽሐፍ ገጾችን ተራ በተራ ቁጥር የምትመታ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። በዚያው ቤት የእርሻ መሣሪያ ይሠራ የነበረ ካርሎስ ግሊደን የተባለ ሰው ይህችን መሣሪያ አይቶ፥ ቁጥር የምትመታ ከሆነ ፊደልስ ለምን አትመታም ብሎ ጠየቀው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

በ1867 ሾልስ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው ከአንድ የቴሌግራፍ መምቻ ላይ ነበር። መምቻው ሲጫን ደብልዩ የምትባለውን አንዲት ፊደል ብቻ በካርቦን ወረቀት በኩል ነጭ ወረቀት ላይ ያትማል። አንዲት ፊደል ከታተመች ሌሎቹም ይታተማሉ ማለት ነው። ሦስቱ ሰዎች በጁን 23 ቀን 1868 የፈጠራ መብታቸውን አስመዘገቡ። የዚያች መኪና ገበታ እንደ ፒያኖ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በሁለት ረድፍ የተሠራ ነበር።

የሥራው ወጪ ከአቅማቸው በላይ ስለ ሆነ ጄምስ ዴንስሞር የተባለ ደፋር ነጋዴ ገባበት። ይህ ሰው መኪናዋን በዓይኑ ሳያይ፥ 600 ዶላር ዕዳ ከፍሎ የመብቱን ሩብ ገዛ። በመጨረሻ መጥቶ ባያት ጊዜ ግን አሳቡ መልካም፥ መኪናዋ ግን የማትረባ መሆንዋን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ሾልስ ይሠራል፥ ዴንስሞር ያፈርሳል። በዋሽንግተን ይኖር የነበረ ጄምስ ክሌፋን የተባለ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ የተላከለትን መኪና ሁሉ ቀን ከሌት እየመታ ይሰባብርና ጉድለቱን ዘርዝሮ ይጽፋል። ሾልስ በዚህ ተበሳጭቶ ሥራውን ሊተው ደርሶ እንደ ነበር ይነገራል፤ ዴንስሞር ግን ጉድለቱ ከገዢ እጅ ከመድረሱ በፊት መታወቁ እንደሚሻል እያስረዳ ያበረታው ነበር። እንዲህ እየተባለ በርካታ መኪናዎች ተሠርተው ፈረሱ።

የፊደላቱም አቀማመጥ የተለዋወጠው በእነዚህ ዓመታት ነው። በመጀመሪያ ፊደላቱ በኤቢሲዲ ተራ ተደርድረው ነበር። የዚህ ምልክት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ በመካከለኛው ረድፍ ዲ፥ ኤፍ፥ ጂ፥ ኤች፥ ጄ፥ ኬ፥ ኤል ተከታትለው መገኘታቸውን ልብ ይሏል፤ በመካከል የጎደሉት ኢና አይ ወደ ላይ ስለ ወጡ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለምን እንደ ተዛወሩ ሊቃውንት አንድ አሳብ የላቸውም። ፊደል የተቀረጸባቸው ብረቶች ጎን ለጎን ሲነሡ እየተጠላለፉ ስላስቸገሩ አብረው የሚመቱትን ለማራራቅ ነው የሚሉ አሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች የቴሌግራፍ ሠራተኞች ስለ ነበሩ ለእነርሱ እንዲመች ተብሎ ነው ይላሉ። ጸሐፊው እንዳይፈጥን ሆን ተብሎ ተዘበራረቀ የሚባለው ወሬ ግን ለእኛ እምነት የሚጣልበት አይመስለንም፤ በቴሌግራፈኞችና በአጭር ጽሕፈት ባለሙያዎች እጅ መኪናውን የሚያስፈትን ሰው ፍጥነትን እንጂ መዘግየትን ሊፈልግ አይችልም።

በ1873 ሾልስና ዴንስሞር ሬሚንግተን ከተባለ የጠመንጃ ፋብሪካ ጋር ተዋዋሉ። የዚህ ፋብሪካ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አዲስ አይደለም፤ በ1875 በጉንደት፥ በ1876 በጉራ ድል የሆኑት የግብፅ ወታደሮች ሬሚንግተን ጠመንጃ የታጠቁ ነበሩ፤ ከዚያም ጠመንጃው በአበሻ ወታደር እጅ ገባ። በእነዚያው ዓመታት ፋብሪካው በሌላ ክፍሉ የሾልስን የጽሕፈት መኪና ያወጣ ነበር። የልብስ ስፌት መኪናም ይሠራ ስለ ነበር፥ በ1874 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ የጽሕፈት መኪና አበባ የተሳለባት፥ መሥመር ለመለወጥ በእግር የምትረገጥ፥ ለሩቅ ተመልካች የስፌት መኪና የምትመስል ነበረች። ዋጋዋ 125 ዶላር ሲሆን ትልልቁን ፊደል ብቻ ትጽፋለች። ብረቶቹ ወረቀቱን ከሥር ስለሚመቱ ጸሐፊው የጻፈውን ወዲያው ማየት አይችልም። የሚያርምበት መንገድ ይቅርና ስሕተቱን የሚያውቀው ጥቂት መሥመር ካለፈ በኋላ ነው። ገዢ ቢጠፋ አያስደንቅም።

ሾልስ የመብት ድርሻውን በ12000 ዶላር ሸጦ ተገላገለ። ዴንስሞር ግን ከሚሸጠው መኪና ሁሉ ድርሻ እንዲከፈለው ተዋውሎ በኋላ ሀብታም ሆነ።

ትልቁ መሻሻል የመጣው በ1878 ነው። ሬሚንግተን ቁጥር 2 የተባለችው መኪና በአንዱ ብረት ላይ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አብራ ያዘች፤ ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ሲጫን ወረቀቱን የያዘው ክፍል ከቦታው ይገፋና በትንሹ ፈንታ ትልቁ ፊደል ይመታል። ይህ የሾልስ ሳይሆን የሌሎች መሐንዲሶች አሳብ ነው። በዚያው ዓመት ሾልስ ያስመዘገበው ገበታ ዛሬ የምናውቀውን ይመስላል፤ ሲና ኤክስ ብቻ ቦታ ተለዋውጠው፥ ኤምም ከኤል ጎን ነበረች።

ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን የሺፍት ነገር በጥሞና ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። ሺፍት ብቻውን ሲጫን ምንም አይጽፍም፤ የሌላውን ቁልፍ ሥራ ግን ይለውጣል። ዛሬ አቋራጭ ቁልፍ የምንለው ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው። በ1888 በሲንሲናቲ ከተማ አንድ የታወቀ ውድድር ተደረገ። አንደኛው ተወዳዳሪ ሉዊስ ትራውብ ለትልቁም ለትንሹም ፊደል ለየብቻ ቁልፍ ያላትን ባለ 72 ቁልፍ መኪና ይዞ ገበታውን እያየ ይጽፋል። ሌላው ፍራንክ መጋሪን ባለ ሺፍቷን መኪና ይዞ፥ የቁልፎቹን ቦታ በቃሉ አጥንቶ፥ ዓይኑን ከሚገለብጠው ጽሑፍ ላይ ሳያነሣ በጣቶቹ ሁሉ ይጽፋል። መጋሪን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የእርሱን መንገድ ተከተሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ታይፕ የተማሩት ወጣቶችም የለመዱት ይህንኑ ነው።

በእኛ አገር ግን ችግሩ ከሺፍት በላይ ነበር። የአማርኛ ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚህም ያልፋል። ይህን ሁሉ አርባ ጥቂት ቁልፍ ባለው ገበታ ላይ ማስፈር ያስቸግራል። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ መላ ያገኙለት፥ የፊደሉን አካል በአንድ ቁልፍ፥ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ በመምታት ነው። መልኩ እንደ ብራና ጽሕፈት ያማረ ባይሆን፥ በየአውራጃው የሚላከው ደብዳቤ በዚህ መንገድ ሲጻፍ ኖረ። መጨረሻው መሥመር ላይ አንዲት ፊደል የተሳሳተ ጸሐፊ ወይ በላጲስ ይፍቃል፥ ወይ ከነካርቦኑ አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ለመኪናው እንዲመች ፊደሉን እንቀንስ የሚሉ ሰዎችም በዚያ ዘመን ተነሥተው ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ግን ለመኪና ሲባል ከፊደላችን አንዲት እንኳ መጣል አላስፈለገም።

ነገሌ በዚህ በኩል ልዩ ትምህርት የሚገኝባት ከተማ ናት። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ኦሮምኛው ከ1991 ጀምሮ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት ሆኗል፤ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ሲወረድ የሚነገረው ሱማሌኛም ከ1972 ወዲህ በላቲን ይጻፋል። ሦስቱም የሚጻፉት ለእንግሊዝኛ በተበጀው በሾልስ ገበታ ላይ ነው። ሾልስ ኪውን ከጥግ ያስቀመጣት በእንግሊዝኛ ብዙ ስለማትገኝ አያስከፋም፤ በኦሮምኛ ግን ኪው የቀን ድምፅ ስለምትወክል በየመሥመሩ ትፈለጋለች። በኦሮምኛ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ስለዚህ መሬት ማለት በሆነው ቃል ኤ የምትባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ስትመታ፥ ለስላሳ ማለት በሆነው ቃል ግን አራት ጊዜ ትመታለች። እርስዋም ኪውም የወደቁት በግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ ነው። ኮንትሮልና ግራው ሺፍትም የዚችው ጣት ሸክም ናቸው። የነገሌ ጸሐፊ ማታ ትንሿ ጣቱን ቢያመው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቢሆንም አቋራጮቹን የሚያውቅ ሰው ድካሙ ይቀንሳል። በ1970ዎቹ ላሪ ቴስለር የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ጽሑፍን ቆርጦና ገልብጦ በሌላ ቦታ መለጠፍን አስለመደ፤ በኋላም ጎረቤት የሆኑት አራቱ የታችኛው ረድፍ ፊደላት ለዚህ ተመረጡ፤ ኮንትሮል ከዜድ ጋር ስሕተትን ይመልሳል፥ ከኤክስ ጋር ይቆርጣል፥ ከሲ ጋር ይገለብጣል፥ ከቪ ጋር ይለጥፋል። በላጲስ ሲፍቅ የኖረ ጸሐፊ የመጀመሪያዋን ቢያያት ተአምር ይላት ነበር። ኮንትሮልን ይዞ ቀስትን የሚጫን ሰው በፊደል ፈንታ በቃል ይራመዳል፤ ሺፍት ሲጨምርበት ያለፈበትን ቃል ይመርጥለታል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ብዙ በሚሠራበት በቪኤስ ኮድ አልትን ከቀስት ጋር ቢጫን መሥመሩ እንዳለ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄድለታል፤ ኮንትሮልን ከዲ ጋር ደጋግሞ ቢጫን ደግሞ አንዱን ቃል በየተገኘበት ቦታ መርጦ ባንድ ጊዜ ያርመዋል። ጁፒተር በተባለው የስሌት ደብተር ኢስኬፕን ተጭኖ ኤን ቢመታ ከላይ፥ ቢን ቢመታ ከታች አዲስ ክፍል ይከፈትለታል፤ ሺፍትን ከኤንተር ጋር ሲጫን የጻፈው ስሌት ይሠራል። ሁሉን ባንድ ቀን ላጥና ማለት አይበጅም፤ በሳምንት ሁለት ሦስቱን ዓይንን ከገበታው አንሥቶ መለማመድ ይበቃል፤ መጋሪንም ያሸነፈው በዚሁ ነው።

ሾልስ ከሬሚንግተን ከተለየ በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በ1872 ሴት ልጁ ሊሊያን በአንዷ የሙከራ መኪና ስትጽፍ የተነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። በመጨረሻ ዘመኑ፥ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በመኪናው እየጻፉ የቢሮ እንጀራ መብላት መጀመራቸውን ከሁሉ አብልጦ ይደሰትበት እንደ ነበር ይተረካል። ሕመሙ ሲበረታበትም ከአልጋው ላይ ሆኖ አዳዲስ መኪና ያወጣ ነበር እንጂ ሥራውን አልተወም። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1890 በሚልዋኪ ዐረፈ።

ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያስገባው አንድ ማመልከቻ ግን ገና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ። በ1896፥ የአድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፥ የፈጠራ መብቱ በስሙ ተፈቀደ። በዚያ ሥዕል ላይ ፊደላቱ በሌላ አዲስ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ ሾልስ ራሱ የቀድሞውን አቀማመጥ ለውጦት ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን የቀድሞውን በጣታቸው ለምደውት ስለ ነበር አዲሱን የጠየቀ አልተገኘም።